እርጥቡ ክምር

ሺኖ ካጂታን ወረቀት ከምትሠራበት ገንዳ ሥር ወድቃ ያገኟት ጠዋት ነው። ራሷ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ሐኪሙ ትናንት ከቀትር በኋላ፣ የዕለት ሥራዋን እንደጨረሰች መሞቷን ተናገረ።

መርማሪዋ ሚትሱኤ ኦካቤ ነገር ሳታላምጥ የማትውጥ ሴት ናት። ሬሳውን አይታ ስታበቃ ከእርጥቡ ክምር ፊት ቆመች። ሺኖ ትናንት የሠራቻቸው ወረቀቶች ሳይደርቁ ተደራርበው፣ ጣውላ ተደርጎባቸው፣ በላዩ ድንጋይ ተጭኗል። ትንንሹ ከታች፣ ትልልቁ ከላይ ነው። ሚትሱኤ የተዳረችው ለወረቀት ሠሪ ቤት ስለሆነ ነገሩ አላማራትም።

ባልየው ሪዮሄይ የትልቁ ከተማ የኦሳካ ልጅ ነው፤ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር አለ። የሺኖን የሥነ ጥበብ ሥራዎች ለሕዝብ የሚያሳየው ካንዛኪ ትናንት ቀትር ላይ ከዚህ ሄጃለሁ አለ። ታላቅ ወንድሟ ኪዮታካም ከጠዋት ጀምሮ ከተማ ውዬ አደርኩ አለ። ምስክር ግን አንዳቸውም የላቸውም። በቤቱ ጠብ እንደነበረ የነገራት ባልየው ነው፤ ሺኖ አያቷ በእጃቸው የሠሯቸውን የመጨረሻ ወረቀቶች ለትርኢት ብላ ተመልካች ፊት ልታቃጥል ቆርጣ ነበር።

«አንተስ ዝም አልክ?» አለችው ካንዛኪን።

«የጥበብ ሥራው እኮ እሳቱ ራሱ ነው።»

«የሰው አያት ማቃጠል ለናንተ ምን አለበት» አለ ኪዮታካ፣ ቀና ሳይል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ገንዳው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። እናትየዋ እማማ ቶሚ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ልጃቸውን አጥተዋል፤ የቀራቸውም አንድ ነው። ሚትሱኤ ይህን እያወቀች ጀመረች።

«እርጥብ ወረቀት ላይ ከባድ ድንጋይ ባንዴ ቢጫን ይፈነዳል። መጀመሪያ ቀላሉ ይጫናል፤ ውሃው ሲንጠፈጠፍ ከበድ ያለው ይከተላል። ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ይሄ ክምር አንድም ቦታ አልፈነዳም። ሺኖ ደግሞ ሥራዋን እንደጨረሰች ሞታለች። እና ድንጋዩን ማን ጨመረ?»

ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«ካንዛኪ ቢሆን ሮጦ ይጠፋ ነበር። ሪዮሄይ ወረቀት የሚያውቀው ከሱቅ ገዝቶ ነው። እማማ ድንጋዩን አይችሉትም። ሬሳ እየተሻገረ ወረቀት የሚንከባከብ፣ እዚሁ ቤት ያደገ ሰው ነው። ከተማ አልሄድክም፣ ኪዮታካ።»

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ኪዮታካን ግን ልማዱ አጋለጠው። እጆቹን እንደ ባዕድ ነገር አያቸው።

«አታቃጥይው ብዬ ለመንኳት፤ ሳቀችብኝ። ገፋኋት እንጂ ልገድላት አልነበረም። ከዚያ ክምሩን ሳየው... እንዲህ ያለ ወረቀት እኔ ሠርቼ አላውቅም። ወረቀቱ ምን አጠፋ?»

ፖሊሶቹ ሲይዙት ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ ወረቀቱ ዛሬውኑ ጣውላ ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ካልነካው ይሻግታል።»

እማማ ቶሚ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት ቅጠል ወረቀት ስትበላሽ እንቅልፍ የሚያጡ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«ይሻግት» አሉ።