ቴምቢሌን ያመጣው ሰው

በፈረንጆች አቆጣጠር 1962 ዓ.ም.፣ በሐምሌ ወር፣ የፕሪቶሪያ ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፣ የምድጃው ጭስ ከመሬት አልነሣ ብሎ፣ ሰማዩ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጥርት ብሎ ነበር። በዚያ ማለዳ ከወህኒ ቤቱ ቀይ ግንብ ሥር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቆመዋል። ወንዱ ከፖንዶ ምድር የመጣ፣ የጃሊ ጎሣ ሰው፣ ጭቃ ሹም ማቬላ ነው። ሴቲቱ ኖፌዚሌ ትባላለች፤ የታናሽ ወንድሙ የቴምቢሌ ሚስት ነበረች። ቴምቢሌ በዚሁ ግንብ ውስጥ ከተሰቀለ ዓመት አልፎታል።

የመጡት ሬሳ ሊወስዱ አይደለም፤ መንግሥት የሰቀለውን ሰው ለዘመድ አይሰጥም፤ የት እንደ ቀበረውም አይናገርም። የመጡት ነፍሱን ሊወስዱ ነው። በአገራቸው ደንብ ከቤቱ ርቆ የሞተ ሰው ነፍስ፣ የቤቱ ታላቅ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ ሄዶ ካልጠራት በቀር፣ የመመለሻዋን መንገድ አታውቅም፤ በሞተበት ስፍራ ስትንከራተት ትኖራለች። ጠሪውም አንዴ ከጠራ በኋላ እቤት እስኪደርስ ከሟቹ በቀር ለማንም ቃል አይተነፍስም፤ ከተነፈሰ ነፍሲቱ ትደናገርና መንገድ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ አፍ የሚሆነው ሌላ ሰው አብሮት ይሄዳል።

ለማቬላ ግን አፍ የሚሆነው ወንድ አልተገኘም። ከሁለት ዓመት በፊት የፖንዶ ገበሬዎች መንግሥት የጫነብንን ባላባቶች አንቀበልም፣ ግብርም አንከፍልም ብለው በንጉዛ ኮረብታ ላይ ተሰበሰቡ፤ ከሰማይ አውሮፕላን ጭስ ለቀቀባቸው፤ ከምድር ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ አሥራ አንድ ሰው ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ የሹማምንቱ ጎጆ ይቃጠል ጀመር። ያን ጊዜ ነጩ ዳኛ ማቬላን አስጠርቶ «ከቀበሌህ ኮረብታው ላይ የወጡት እነማን ናቸው?» አለው። ማቬላም ስም ሰጠ፤ ከሰጣቸውም ስሞች አንዱ ቴምቢሌ ነበር። እንደ ወትሮው የከብት ቅጣት መስሎት፣ የወንድሙን ቅጣት ከገዛ በረቱ ሊከፍል አስቦ ነበር። ሆኖም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያው ሰሞን አንድ ባላባት ከነቤቱ ተቃጥሎ ሞተና ቅጣቱ ከብት መሆኑ ቀርቶ ገመድ ሆነ።

ነፍሱ ትምጣ በተባለ ጊዜ አሮጊቷ እናታቸው የተናገረችው አንድ ቃል ነው፤ «ያስገደለው ያምጣው።» ኖፌዚሌ ደግሞ፣ «እኔ አብሬ እሄዳለሁ። የሱን ድምፅ ሰምቶ እንቢ ቢል እንኳ የኔን ኮቴ አይስተውም» አለች።

በግንቡ ሥር ማቬላ ቅርንጫፉን መሬት አስነክቶ ተጣራ። «ቴምቢሌ፣ የአባቴ ልጅ፣ ማቬላ ነኝ። እናታችን ልካኝ ነው። ተነሣ፣ አገራችን እንግባ።» ከማማው ላይ ዘበኛው «እዚያ ምን ታጉረመርማላችሁ? ጥፉ!» ብሎ ጮኸ፤ እነርሱም ሄዱ። ቴምቢሌ ይከተል አይከተል ማቬላ አላወቀም፤ ከብርዱ ይልቅ ያንዘፈዘፈው ይህ ነበር።

በባቡር ጣቢያው ኖፌዚሌ በሦስተኛ ማዕረግ ሦስት ቲኬት ጠየቀች።

«ሁለት ናችሁ» አላት ሻጩ።

«ሦስተኛው ከኋላችን ነው።»

የመስኮቱን ወንበር ለቴምቢሌ ለቀው ተቀመጡ። ፉርጎው እግር ማሳረፊያ ጠፍቶበት ሳለ፣ ቁርቁራውን ያየ ሁሉ ባዶውን ወንበር እየዘለለ አለፈ። ባቡሩ ከከተማው ሲወጣ ኖፌዚሌ ወደ ማቬላ ዞረች።

«እንግዲህ ዛሬ አይመልሱልኝም» አለች። «ስንቴ በርዎ ላይ ቆሜ ልሰድብዎ ተነሥቼ አማቴን አፍሬ ተመለስኩ መሰልዎ! ሲወስዱት ገንፎው እሳት ላይ ነበር። 'ቶሎ እመለሳለሁ፤ ወንድሜ ሹም አይደል እንዴ?' ብሎኝ ወጣ። በእርስዎ ተማምኖ!»

ማቬላ ቅርንጫፉን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ።

«ለካ ዝም ማለት ይችሉበታል! ያኔ ዳኛው ፊት ይሄ ዝምታ የት ሄዶ ነበር?»

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት «ተይ ልጄ፣ ሟች ይሰማል» አሏት።

«ይስማ እንጂ እማማ! ለሱ ብዬ አይደል የምናገረው?»

ማቬላ የተናገረው ለባዶው ወንበር ነው። «ቴምቢሌ፣ ባቡሩ ሊቆም ነው። እንወርድና ሌላ እንይዛለን። እንዳትቀርብኝ።»

በመገናኛው ጣቢያ አንድ ነጭ የመቶ አለቃና አንድ ጥቁር ፖሊስ የይለፍ ወረቀት ይፈትሹ ነበር። የማቬላ ወረቀት ቀኑ አልፎበታል፤ መቃብሩን አሳዩን እያሉ ከቢሮ ቢሮ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲሆኑ ነው ያለፈው።

«ለምን ቆየህ?» አለ የመቶ አለቃው። ማቬላ አልመለሰም። «ደንቆሮ ነህ? አንተን እኮ ነው!»

«ባስ፣ ጌታዬ፣» አለ ጥቁሩ ፖሊስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሟች ይዟል። መናገር አይችልም።»

«ሟቹ የታለ? በኪሱ ነው?» ብሎ የመቶ አለቃው ሳቀና ቅርንጫፉን ሊነጥቅ እጁን ሰደደ፤ ቆልማማው እሾህ መዳፉን ያዘው። ሲያስለቅቅ ደማ፤ በተናደደም ጊዜ ዱላውን አንሥቶ የማቬላን ጣቶች ደጋግሞ መታ። ጣቶቹ ተሰበሩ፤ ቅርንጫፉ ግን አልወደቀም።

ጥቁሩ ፖሊስ ወደ ኖፌዚሌ ጠጋ አለ። «እታለም፣ ሰውየው ማነው? ስሙን ንገሪኝና ላስለቅቀው።»

የባልን ታላቅ ወንድም ስም መጥራት በአገሯ ለምራት ነውር ነው፤ ከተዳረች ጀምሮ አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። «ጭቃ ሹም ነው፣ የመንግሥት ሰው ነው» ብትል ግን ይበቃ ነበር። አላለችም፤ እስቲ ይቅመሰው ብላ ነው። «የባሌ ታላቅ ወንድም ነው» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ማቬላም ቢሆን ያችው አንዲት ቃል እንደምታስፈታው ያውቃል፤ እርሱም ቃሏን አላወጣትም። የተናገረው ይህን ብቻ ነው፤ «ቴምቢሌ፣ ልንታሰር ነው። አትደንግጥ። ከዚህኛው ወህኒ ግን አብረን እንወጣለን።»

ክፍሉ በይለፍ ወረቀት በተያዘ ሰው ጢም ብሎ ነበር፤ ሰው በጎኑ ይተኛል፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ቁርቁራው ሲገባ ያ ሁሉ ሁካታ ጸጥ አለ።

«ከየት ነው ያመጣኸው?» አለ አንድ የማዕድን ሠራተኛ፤ ወዲያውም ስሕተቱን ዐውቆ አፉን ያዘ። «ከየትም ይምጣ። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እንግዳ አለብን።»

«እንግዳውስ ከኛ ይሻላል» አለ ሌላው ከጥግ። «ያለ ይለፍ ወረቀት አገር ያቋርጣል!» ሳቁ፤ ሳቁም ቶሎ ደከመ። ከዚያ ትንፋሽ በሌለበት ጥበት ውስጥ አንድ ሰው የሚተኛበትን ያህል ስፍራ ለቀቁ። ማቬላ እስኪፈታ ድረስ ያን ስፍራ የነካው አልነበረም። እርሱም የተሰበረ እጁን ታቅፎ በስፍራው ዳር እየተቀመጠ ይናገር ነበር፤ «ከብት መስሎኝ ነበር፣ ቴምቢሌ። ዳልቻዋን ላም ልከፍልልህ ነበር። አልመጣም ብትል አልፈርድብህም። ግን እናታችን አርጅታለች፤ ለሷ ስትል ና።» ሰዎቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ከቀናት በኋላ ሲለቁት ኖፌዚሌ በጣቢያው ወንበር ላይ፣ ሦስቱን ቲኬት በመሐረብ ጠቅልላ እንደ ያዘች ነበረች። እጁን አየችው፤ አብጦ ጠቁሯል፤ ቅጠሉ ረግፎ የቀረው እሾህ በመዳፉ ተሰክቷል። ከራሷ ሻሽ ጫፍ ቀድዳ አሰረችለት። ከዚያ ወዲያ እስከ አገራቸው ድረስ እርሷም አልተናገረች። «ቴምቢሌ፣ ምዚምቩቡ ወንዝ ደረስን፤ ልንሻገር ነው» ሲል ብቻ፣ ከንፈሯን ነክሳ አለቀሰች።

አሮጊቷ በረቱ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። የጠየቀችው ልጇን ማቬላን አይደለም። «መጣ?» አለች ለምራቷ።

 የኖፌዚሌ ዓይን በታሰረው እጅ ላይ ነበር።

«መጥቷል፣ እማዬ» አለች። «ወህኒ ቤት እንኳ አብረው ገብተው አብረው ወጡ።»

ማቬላ ቅርንጫፉን በበረቱ ውስጥ አኖረ፤ ፍየል ታረደ። አሁን አፉ ተፈትቷልና ጎረቤቱ ሁሉ ምን ይል ይሆን ብሎ አፍ አፉን ተመለከተ። «ውሃ ስጡኝ» አለ። የሰጠችው ኖፌዚሌ ናት።

ይቅር ተባባሉ እንዳልል፣ አልተባባሉም። ሹመቱ በዚያው ዓመት ተወሰደበት፤ የተሰቀለውን ሰው ሊያመጣ በመሄዱ መንግሥት ከዳን አለው፤ ሕዝቡም ከሹምነቱ ጊዜ ያተረፈለትን ቂም አልረሳለትም። ከሁለቱም ወገን ሳይሆን፣ በተጣመሙ ጣቶቹ ከብት እየጠበቀ ኖሮ፣ ነጻነት ሳይመጣ ሞተ።

ነጻነት አይመጣም እስኪባል ድረስ ዘግይቶ መጣ። ከመጣም ከብዙ ዓመት በኋላ የቴምቢሌ አጥንት ከፕሪቶሪያ ተቆፍሮ፣ ባንዲራ ለብሶ፣ ከብዙ ንግግር ጋር ወደ ፖንዶ ምድር ገባ። ባለሥልጣኖቹ ለደንቡ ብለው አዲስ የቁርቁራ ቅርንጫፍ አስቆርጠው መጡ። በዚያን ጊዜ ኖፌዚሌ በምርኩዝ ትሄድ ነበር፤ ቅርንጫፉን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ቴምቢሌ እኮ ከገባ ቆየ፣ ልጆቼ። የዘገየው አጥንቱ ነው።»

የታሪኩን መጽሐፍ የሚያዘጋጀው ወጣት ብዕሩን አወጣ። «ማን አመጣው፣ እማማ?»

«የባሌ ታላቅ ወንድም።»

«ስሙስ?»

አሮጊቷ በረቱን ተመለከተች፤ አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። የምራት ወጉ ከልክሏት ይሁን ቂሟ፣ ወይም ስም መስጠት ምን እንደሚያስከትል አይታ ስለ ነበር፣ ሆድ ይፍጀው ብላ አለፈችው። ወጣቱ ጠብቆ ጠብቆ ሲታክተው «አንድ ዘመድ አመጣው» ብሎ ጻፈ፤ በመጽሐፉም ላይ የሚነበበው ይኸው ነው።