ሳይጠየቅ የተሰጠ ስም

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ኤቢሴ ጃለታ አየር ጤና ወደሚገኘው የአቶ ሰብስቤ ጋራዥ ስትደርስ፣ ዋናው መካኒክ መገርሳ አንድ አይሱዙ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ክሪኩ ወርዷል፤ የመኪናው ብረት ደረቱ ላይ አርፏል።

«አደጋ ነው» አሉ አቶ ሰብስቤ ከኋላዋ ቆመው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። «ክሪክ ከዳው። ጻፊና ሂጂ።»

ኤቢሴ በርከክ ብላ የሟቹን እጆች በባትሪ አየች። ግሪስ የሚባል አልነካቸውም፤ ቀኝ ጠቋሚ ጣቱ ላይ ብቻ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም አለ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ግን ደም የለበትም። ቀና ስትል፣ መኪና ሥር ከመግባት በፊት የሚቆሙት የብረት ድጋፎች ግድግዳው ጥግ ተደርድረው አየች።

«ድጋፍ ሳያቆም ይገባ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አሥራ ስምንት ዓመት አብረውት ሠርተው?»

አቶ ሰብስቤ ከኮታቸው ኪስ የተጨማደደ ወረቀት አውጥተው ወረወሩላት። «ይልቅ ይህን እዪ! ከቱታው ኪስ ነው ያወጣሁት። ከሃዲ! እዚህ እየሠራ በጎን ሌላ ሥራ ያፈላልግ ነበር።»

«የሟች ኪስ ፈትሸዋል?»

«ግቢው የኔ ነው!»

ወረቀቱ ከአንድ የተማሪዎች ማመላለሻ ድርጅት የመጣ ቅጽ ነው። ከላይ «የሥራ መደብ፦ የጥገና ክፍል ኃላፊ» ይላል፤ ከታች «ገጽ 2» የሚልና የስልክ ቁጥር አለ። መልስ መስጫዎቹ ባዶ ናቸው። ኤቢሴ የመጨረሻውን ጥያቄ ሁለቴ አነበበችው፦ «መኪናውን እሱ ቢጠግነው የራስዎን ልጅ ያሳፍሩበታል?»

«እስከ ታች አንብበውታል?»

«አርዕስቱ ይበቃኛል!»

የግቢው ዘበኛ አባባ ቦሩ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ፣ በሩን ስድስት ሰዓት ላይ እንደዘጉት ነገሯት። ሠራተኛው ለቅዳሜ ተበትኗል። ውስጥ የቀሩት መገርሳ፣ አቶ ሰብስቤ፣ የመለዋወጫ ክፍል ሠራተኛዋ ነኢማና የፍሬን ባለሙያው ወንድሙ ብቻ ናቸው። አስከሬኑን ስምንት ሰዓት ላይ ያገኙት ራሳቸው ቦሩ ናቸው።

ኤቢሴ የመገርሳን ጠባብ ቢሮ ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተነቀለ እስክሪብቶ አለ። ወለሉ የሳምንት አቧራ ለብሷል፤ ከወንበሩ ሥር ያለው ቦታ ግን ተወልውሎ ገና አልደረቀም።

ነኢማ ያለችበት የመለዋወጫ ክፍል ከቢሮው የሚለየው በቺፑድ ብቻ ነው። እጇን አጣምራ ጠበቀቻት።

«የገደሏቸው አቶ ሰብስቤ ናቸው» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ጠዋት ሰው ፊት ሲያዋርዷቸው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ እዚህ ግድግዳ ጀርባ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

«የሁለቱንም ድምፅ?»

«የጋሽ መገርሳን ብቻ። ሌላኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።»

«ምን አለ? ቃሉን ሳትለውጪ ንገሪኝ።»

ነኢማ ዓይኗን ጨፈነች። «'ሳታስፈቅደኝ ስሜን ለምን ሰጠሃቸው?' አሉ። ከዚያ 'ውሸት አልጽፍም' አሉ። ከዚያ የሆነ ነገር ወደቀ። ዕቃ መሰለኝ። እዚህ ቤት ጭቅጭቅ ሁልጊዜ ነው፤ ተነሥቼ አላየሁም።»

«ጠዋት ሲያዋርዱት መገርሳ ምን ብሎ መለሰላቸው?»

«'እርስዎ ካሉ ይሁን' ነዋ! ሌላ ምን ይላሉ? ተናደውም ቢሆን አንቱ ነው የሚሏቸው፤ አንቱታ የማይገባውን ሰውዬ!»

ወንድሙ ከጓሮ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እንደ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ሌላ ሥራ ያፈላልግ ነበር?»

«አቶ ሰብስቤ ነገሩዎት?»

«ቅጹን አይቻለሁ።»

«እንግዲያው መደበቁ ምን ያደርጋል። ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። የተማሪ ማመላለሻ ድርጅት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ቃለ መጠይቅ ሄዶ ነበር። አቶ ሰብስቤ የሰሙ ቀን አለቀልኝ ይል ነበር።»

«ራሱ ነው እንዲህ ያለህ?»

«ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት።»

ኤቢሴ ራቅ ብላ ቅጹ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለች። ሶፊ የተባለች የድርጅቱ የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊ አነሣች።

«የአመልካች ስም በስልክ አልናገርም» አለች ፈርጠም ብላ። «በምስጢር ሥራ የሚፈልግ ሰው አለቃው ከሰማ ሥራውን ያጣል።»

«እዚህ ሰው ሞቷል።»

«ጦር ኃይሎች ነው ያለሁት። ፋይሉን ይዤ ልምጣ» አለች ሶፊ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኤቢሴ ሁሉንም መገርሳ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ነኢማ ከአቶ ሰብስቤ ርቃ ቆመች። ወንድሙ በሩን ተደገፈ። አባባ ቦሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ቶሎ በይ!» አሉ አቶ ሰብስቤ። «ሥራ የፈታ ሰው የለም።»

«መገርሳ መኪና ሥር የገባው ሞቶ ወይም ራሱን ስቶ ነው» አለች ኤቢሴ። «በራሱ እግር ቢገባ እጁ ግሪስ ይነካው ነበር፤ ድጋፉም ይቆም ነበር። እጁ ላይ ያለው ቀለም ነው። እዚህ ተቀምጦ ሲጽፍ ከኋላው ተመታ፤ ደሙ ተወለወለ፤ ከዚያ ተጎትቶ ክሪኩ ወረደበት።»

«እኔ ነኝ ልትይ ነው?»

«እርስዎ ቅጹን አላነበቡትም። መገርሳ ሥራ ፈላጊ ቢሆን ስለ ራሱ ይጠየቅ ነበር። ቅጹ ግን 'እሱ ቢጠግነው' ይላል። ስለ ሌላ ሰው ነው የሚጠይቀው። መገርሳ አመልካች አልነበረም፤ ምስክርነት የተጠየቀ አለቃ ነው። የአመልካቹ ስም ያለበት አንደኛው ገጽ ግን የለም። ገዳዩ ወስዶታል፤ ሁለተኛው ገጽ ታጥፎ ኪስ ውስጥ መግባቱን አላወቀም።»

አቶ ሰብስቤ በእጇ ወደያዘችው ቅጽ ጎንበስ ብለው የመጨረሻውን ጥያቄ አነበቡት።

«ነኢማ የሰማችው 'ለምን ሰጠሃቸው' የሚል ነው። ለነኢማ ቢሆን 'ሰጠሻቸው' ይላል። ለአቶ ሰብስቤም ለአባባ ቦሩም ቢሆን 'ሰጧቸው' ይላል። መገርሳ ተቆጥቶም አንቱታውን አይተውም። በዚህ ግቢ ውስጥ አንተ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ቀረ።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ።

«በአንድ ቃል ሰው ሊያስሩ ነው?» አለ ወንድሙ። «ነኢማ ተሳስታ ቢሆንስ?»

«አንተ ግን አልተሳሳትክም፤ ዋሽተሃል። መገርሳ ፈልጎት ስለማያውቀው ሥራ ከራሱ አፍ ሰማሁ አልከኝ። ቅጹን አየሁ እንጂ የማን ድርጅት እንደሆነ አልነገርኩህም። ቃለ መጠይቁንም ድርጅቱንም የምታውቀው የሄድከው አንተ ስለሆንክ ነው።»

ከውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ሶፊ ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች፤ ወንድሙንም ስታይ ደነገጠች።

«አመልካቹ ይሄ ነው?»

«አዎ። ፈተናውን በአንደኝነት ነው ያለፈው። አሁን ያለበት ቦታ እንዳንደውል ለምኖን ነበር። የቅርብ አለቃ ምስክርነት ግን ግዴታ ነው ስንለው የአቶ መገርሳን ስም ጻፈልን። አስፈቅዷቸው መስሎኝ ቅጹን ጠዋት ላክሁላቸው።»

«ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል...» አለ ወንድሙ። ድምፁ ተሰነጠቀና ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ። «አንድ 'አዎ' ብቻ ነበር የቀረኝ! አሥራ አንድ ዓመት ከሥሩ ሠራሁ። አምና የጠገንኩት የዘነበወርቅ መስመር ሚኒባስ ፍሬን ሲበጠስ ጥፋቴን ሸፍኖልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ እንደ ሕፃን ይፈትሻል። 'እዚህ ከዓይኔ ሥር ሁን፤ ልጆች በሚጫኑበት መኪና ግን አላምንህም' አለኝ። እንዲህ አይልም ብዬ ነበር። ሲጽፈው አየሁት። ጎማ መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

የታጠፈው አንደኛ ገጽ ከካልሲው ውስጥ ወጣ። ካቴና ሲገባለት ማንንም አላየም።

«እንግዲህ ተፈጸመ» አሉ አቶ ሰብስቤ። «አሁን ግቢዬን ልቀቂልኝ።»

«ወንድሙ ሠርቷቸው መገርሳ ሳይፈትሻቸው የወጡ መኪኖች አሉ?»

«የሉም!»

«አሉ» አለች ነኢማ። «ጠዋት የተጣሉት በነሱ ነው። ጋሽ መገርሳ 'ፍሬናቸውን ልየው' ሲሉ እርስዎ ሁለት ሚኒባስ በግድ አስወጡ። አሁን ሰው ጭነው እየሄዱ ነው።»

«ዝም በይ! ሰኞ እንዳትመጪ! ከእኔ የሥራ ምስክርነት እንዳትጠብቂ!»

«የእርስዎን ስም የትም አልጽፍም» አለች ነኢማ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ኤቢሴ ዞረች። ኤቢሴ ለትራፊክ ፖሊስ እየደወለች ነበር። ነኢማ ከመጀመሪያው ሚኒባስ ጀምራ የሰሌዳውን ቁጥር በቃሏ አንድ በአንድ ትነግራት ጀመር።