የማን ምትክ?

ምትኩ ልጅ ሳለ እናቱና አክስቱ ጓዳ ሆነው ሲያወሩ ሰምቷል። ግማሹ ጠፍቶበታል። «ይሄኛው እንኳ ይቆይልኝ ብዬ ነው» ያለችው እናቱ ነበረች። አክስቱ ምን እንደመለሰች አያስታውስም፤ ብቻ ሁለቱም ሲናፈጡ ትዝ ይለዋል።

አሁን ጨረቃ ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ የውጭ አገር ተማሪዎች መመዝገቢያ አዳራሽ ውስጥ ቆሟል። አዲስ ገቢዎች እየነጠሩ ሰልፉን እንዳያዛቡ የሚታጠቁትን ከባድ የእርሳስ ቀበቶ ታጥቋል። ቪዛው፣ የጤና ምርመራው፣ የትምህርት ማስረጃው ሁሉ አልፏል። የቀረው ልሳን ብቻ ነው፤ የየአገሩን ቋንቋ ሰምቶ ከድምፁ ይልቅ ትርጉሙን የሚመዘግብ መሣሪያ።

«ስም?»

«ምትኩ።»

ልሳን ቀይ አበራ። «አመልካቹ የሌላ ሰው ምትክ መሆኑን ተናግሯል። በምትክ መመዝገብ ክልክል ነው። ዋናው ይቅረብ።»

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋሽ ፍሥሐጽዮን ሳቁ። «አይ ልሳን! አምና ይበቃል የሚባለውን ልጅ ‹ይበቃኛል ብሏል› ብሎ ሊመልሰው ነበር።» ሳቃቸው ግን አልቆየም። «መዝገቡ በሰው እጅ አይነካም። ወላጅ በራሱ ድምፅ ማስረዳት አለበት። ዛሬ ካላለቀ፣ ልጄ፣ በሚወርደው መንኮራኩር ትመለሳለህ።»

ከደብረ ታቦር እናቱን የሻረግን በመስመር አገኟት። ምትኩ ነገሩን ነገራት።

«ስሙን ይቀይረዋ» አለች።

«ዓመት ይፈጃል እትዬ» አሉ ጋሽ ፍሥሐጽዮን።

«እማዬ፣ የማን ምትክ ነኝ?» ጠይቋት አያውቅም ነበር።

«ወንድም ነበረህ። አንተ ሳትወለድ ትኩሳት ያዘው... እኔ ገበያ ሄጄ። አለልኝ ነው ስሙ።»

ልሳን አረንጓዴ አበራ። «ማብራሪያው ተመዝግቧል። ስለ ዋናው ‹አለልኝ› ብለዋል። ካለ፣ ቦታው ይጠበቅለት?»

አሁን ማንም አልሳቀም።

«ምን አለኝ?» አለች እናቱ።

«ቦታው ይጠበቅለት ወይ ነው የሚልሽ» አለ ምትኩ።

እናቱ አለቀሰች። «የእግዚአብሔር ያለህ! እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰዉ ሁሉ ‹ተጽናኚ፣ እርሺው› ነው። ይሄ ብረት ቦታው ይጠበቅለት ወይ አለኝ።»

ጋሽ ፍሥሐጽዮን አማተቡ። «እትዬ፣ ቦታው አንድ ነው። ይጠበቅለት ካሉ ምትኩ አይገባም። የለም ማለት አለብዎት። አንዲት ቃል ናት።»

«ለእናንተ ቃል ናት። እኔ ስሙን ያወጣሁት ፈጣሪን እየለመንኩ ነው። የለም ብዬ አላውቅም፤ ሲቀብሩት እንኳ አላልኩም።»

ምትኩ ቦርሳውን አነሣ። «ተይው እማዬ። መጣሁ። አንቺ ጋ እሆናለሁ።»

«የት ነው የምትመጣው?» ጮኸችበት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቁም እዚያው። እስከ ዛሬ በሱ ቦታ አስቀምጬህ ኖርኩ፤ አሁንስ በራስህ ግባ።»

«እማዬ...»

«እንደገና ይጠይቀኝ በለው» አለች። «እሺ። የለም እለዋለሁ።»