የሦስት መቶ ዓመት ስንቅ

እንዲህ ያለ የተአምር ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቀው እኔ እንደነበርኩ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፣ የቁልፍ ሥራን ያለ አስተማሪ በጆሮዬና በጣቴ የተማርኩ፣ ዳውንታውን ካለው ላይብረሪ መጽሐፍ እየተዋስኩ ስንቱን መደርደሪያ የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ጥላውን አይቶ የደነገጠ ሽማግሌ አታድርገኝ፣ እመነኝ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ እዚሁ ስደት አገር ነው፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት፣ ጠራራ ፀሐይ። ለተብርሃን ደወለችልኝ፣ አስመራ ያደገች፣ ማርልቦሮ ሠፈር ውስጥ ራሄል የሚባሉ አይሁዳዊት አሮጊት የምትንከባከብ ሴት ናት።

«ጋሼ ተሰማ፣ እርስዎን ያሸነፈ ቁልፍ አለ?»

«ገና አልተሠራም።»

«እንግዲያው ይፍጠኑ፣ እማማ የሣጥናቸውን ቁልፍ ማስገቢያው ውስጥ ሰብረውት እያለቀሱ ነው፣ ልጃቸው ደግሞ ሊደርስ ነው።»

ስደርስ ጠረጴዛው በኬክና በወይን ተሞልቷል። እኔ ጾመኛ፣ እሷም ጾመኛ፣ አሮጊቷ ደግሞ ብሉ ይሉናል።

«ዛሬ የእናንተም ጾም አይደለም እንዴ?» አልኳቸው፣ አንብቤያለሁና።

«ለሌላው ጾም፣ ለእኛ ቤት ሠርግ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ነገሩ ገባኝ፣ ግማሹን አንብቤዋለሁ፣ ግማሹን ለተብርሃን ነገረችኝ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በቱርክ አገር አንድ አይሁዳዊ መሲሕ ነኝ ብሎ ተነሣ፣ ቤተ መቅደሱ የፈረሰበትን የኀዘን ጾም ልደቴ ነው ብሎ በዓል አደረገው፣ ስንቱ ሰው ቤቱን ሸጦ ለኢየሩሳሌም መንገድ ስንቅ ቋጠረ፣ እሱ ግን ሱልጣኑ ፊት ቀርቦ ሰለመ። ብዙው አፍሮ ተወው፣ የእማማ ራሄል ዘሮች ግን ሳሎኒካ በምትባል ከተማ ሆነው በስውር መመለሱን መጠበቅ ቀጠሉ፣ በየዓመቱ በዚች ቀን ለዚያው መንገድ ስንቅ ደረቅ ዳቦ ይጋግሩና በሣጥን ይቆልፋሉ፣ ያምናውን አውጥተው ይቀብራሉ። ዘንድሮ ልጃቸው ጄክ ወደ አፓርታማው ሊወስዳቸው ነው፣ ሣጥኑ ግን ቆሻሻ መጣያ ይገባል ብሏል፣ «አንድ ጊዜ እንኳ ዳቦው ተበልቶ ከተገኘ በጀርባዬ ተሸክሜ እወስደዋለሁ» እያለ ያሾፍባቸዋል።

ሦስታችንም ቤዝመንት ወረድን፣ ሣጥኑ የሻንጣ ያህል ነው፣ ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ። ስባሪውን በመርፌ አወጣሁና እንደ ልማዴ የካቻቪቴውን ጫፍ ቁልፉ ውስጥ ከትቼ እጀታውን በጥርሴ ነከስኩ፣ የቁልፍ ሆድ እንዲህ ነው የሚሰማው። መጀመሪያ ጸጥታ ነበር፣ ከዚያ ከሩቅ ጭብጨባ፣ ከዚያ የብዙ ሰው እግር፣ ከዚያ ዘፈን፣ ልክ ሙሽራ ይዞ የሚመጣ ሠፈር!

«ሬድዮውን ዝጊው» አልኳት ለተብርሃንን።

«የምን ሬድዮ ጋሼ?»

እጀታውን ጠርጌ ሰጠኋት፣ ነከሰችው፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ሳታስበው እልል አለችና ደንግጣ አፏን ያዘች። እማማ ራሄል ምንም ሳይጠይቁ ማጨብጨብ ጀመሩ።

ጄክ ደረጃውን ሲወርድ ቁልፉ ቀጭ አለ። ከፈትኩት። የዳቦው ጨርቅ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል፣ ዳቦ የለም፣ አንድ ፍርፋሪ ነበር፣ ስነካው ለስላሳ።

«አይጥ ነው» አለ ጄክ።

«ጨርቅ የሚያጥፍ አይጥ አሳየኝ» አልኩት። ቆርቆሮውን ዳበስኩ፣ መርፌ የሚያሾልክ ቀዳዳ የለውም።

አሮጊቷ ሣቁ፣ ልጃቸውን ይዘው እየጨፈሩ ዞሩ፣ ለተብርሃንንም አዞሩ፣ እመነኝ፣ እኔም ዞርኩ። ከዚያ የዘንድሮውን ዳቦ አስገቡ፣ አዲስ ቁልፍ ሠርቼ ቆለፍኩ። ጄክ ቃሉን ጠብቆ ሣጥኑን በጀርባው ተሸከመ፣ ደረጃው ላይ ዳቦው የሣጥኑን ግድግዳ ሲመታ ሁላችንም ሰማን። መኪናው ጋ ሲያወርደው ግን ድምፅ አልነበረም። ወደ ግራ አዘነበለው፣ ወደ ቀኝ አዘነበለው፣ ምንም።

«ልክፈተው?» አልኩት።

«አይሆንም» አለ በሹክሹክታ።

ከኋላ ሊጭነው የነበረውን ሣጥን ፊት ወንበር ላይ፣ ከእናቱ ጎን አስቀመጠና ቀበቶ አሰረለት። እናቱ ከመስኮቱ እያጨበጨቡ ሄዱ።

«ጋሼ» አለች ለተብርሃን፣ «ቀበቶውን ያሰረው ለማን ነው?»