ጦር ከግማሽ ወደኋላ

የሶልያር ምንጮች ሁሉ በአንድ ጀንበር ደረቁ። ዘንዶው ዛርጉም የምንጮቹን ዕንቁ ከነጠባቂዋ ነጥቆ አንጸባራቂው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ነበርና። ጠባቂዋ ማርዳ ትባላለች፤ ለጦረኛዋ ለሐመልማል ታላቅ እህቷ ናት። ሐመልማልም «ያለ እህቴ አልመለስም!» ብላ ምላ ተነሣች። መጥረቢያ ተሸካሚው ጎርፉ ተከተላት፤ ልቡ ደፋር፣ አፉ ዕረፍት የሌለው።

አንገቷ ላይ አባቷ የተወላት ብርቅ ድንጋይ ነበር። «ልጄ» ይላት ነበር ሽማግሌው፣ «ብርሃን ከሐይቅ ፊት ሲነጥር እንደ ሰሌን ይነጠፋል። ይህን ድንጋይ ዓይንሽ ላይ ስታቆሚው የተነጠፈውን ያግዳል። ርቀቱ ታዲያ እንደሚያንጸባርቀው ነገር ነው። ጦርሽ ከእግርሽ እስከ ዓይንሽ ከሆነ፣ ውሃን ጦር ከሲሶ ርቀሽ እዪው፤ ነጸብራቁ ይሞታል። መስታወት ግን ብርሃንን አብዝቶ ይሰብራልና ጦር ከግማሽ ይፈልጋል።»

ሐይቁ በነጸብራቁ ዓይን ያጠፋል። በየዘመኑ ዘለው የገቡ ጀግኖች አንገታቸው ተሰብሮ፣ አጥንታቸው ዳር ላይ ነጥቷል። «እኔ በጭንቅላቴ አልገባም፣ አስቀድሜ ልንገርሽ!» አለ ጎርፉ።

ሐመልማል ከዳሩ ጦር ከሲሶ ርቃ ቆመች፤ ድንጋዩን ዓይኗ ላይ አቁማ በውስጡ አየች። ነጸብራቁ ደከመ እንጂ አልሞተም። ይህማ ውሃ አይደለም! ግን ጦር ከግማሽ ለመድረስ ወደኋላ መሄድ አለባት። በሶልያር ሕግ ደግሞ ጠላት ፊት አንድ እግር ወደኋላ ያለ ጦሩን ለዘላለም ያስረክባል።

«ምን ነካሽ? ዛርጉም ከፊትሽ ነው እኮ! ሕጉን አትርሺ!» ጮኸ ጎርፉ፣ እግሯ ሲነሣ አይቶ።

እንባዋ መጣ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚያ ጦር ሌላ ምን ነበራት? «ጦሩ ይሂድ፤ እህቴ ትምጣ!» ብላ ወደኋላ አለች።

ነጸብራቁ ድርግም አለ። ሐይቁ ለካ የመስታወት ክዳን ነው! ከሥሩ ዛርጉም ተጠቅልሎ አንቀላፍቷል፤ ማርዳ ግን ዕንቁውን ታቅፋ ጥግ ላይ በሕይወት ተቀምጣለች።

«ክዳኑን ከአንገቱ ትይዩ ምታው፣ እዚያ ጋ!» አለች ሐመልማል።

ጎርፉ መጥረቢያውን አሳረፈ። የክዳኑ ስባሪ እንደ ሰይፍ ወርዶ የዘንዶውን አንገት ቆረጠው። ማርዳን ጎትተው አወጧት፤ እህትማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ጎርፉም «አቧራ ገባብኝ» እያለ ዓይኑን አበሰ።

ሶልያር ሲመለሱ ንጉሡ እንደ ልማዱ «ከጠላት ፊት ወደኋላ ያለ አለን?» ሲል ጠየቀ። ሐመልማል ጦሯን እግሩ ሥር አኖረች። ሕግ ሕግ ነውና ንጉሡም እያዘነ ጦሩን ተቀበላት።

«ባዶ እጄን ቀረሁ» አለች ደጅ ወጥተው።

«ታዲያ እኔስ?» አለች ማርዳ የእህቷን እጅ ጨብጣ።

ሐመልማል እፎይ አለች፤ ሳቋም መጣ። ዕንቁው ወደ ቦታው ተመልሶ ምንጩ እየተንፎለፎለ ነበር፤ ወርደው እስኪበቃቸው ጠጡ።