ብርድ ያለቀባት የቆሰበር ልጅ

«ኧረ አልበራም!» አለች የምሥራች፣ ክንዷ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ጫን ጫን እያደረገች። የተማሪዎች የፈጠራ ውድድሩ ዳኛ እነሱ ጋ ለመድረስ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ቀርቷቸዋል።

ከጓደኛዋ ከምስጋናው ጋር፣ ከተበላሸ የውሃ ማቀዝቀዣ ያወጧቸውን ስስ ቁርጥራጮች ጨርቅ ላይ ሰፍተው፣ ክንድ ላይ እንደ ልብ የሚታጠፍ ነገር ሠርተዋል። አንዱ ፊቱ በሰው ገላ ሲሞቅና ሌላው ፊቱ በአየር ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ይፈጥርና ትንሽ አምፖል ያበራል። ትናንት ጠዋት በቆሰበር ብርድ በደንብ በርቶላቸው ነበር። የዳንግላው አዳራሽ ግን በተማሪ ተጨናንቆ፣ ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ ግሎ፣ አየሩ ከክንዷ እኩል ሞቋል። ሙቀት ውስጥ አንድም ቀን አልሞከሩትም። ቆሰበር ተወልዶ ብርድ ያልቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ማን አለ?

ምስጋናው ከኪሱ የሰዓት ባትሪ አወጣና ከጨርቁ ሥር ሸጎጠው። አምፖሏ ቦግ አለች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አታካብጂ ባክሽ! ይሄን ካለፍን ባሕር ዳር ነን። ማን ያየዋል?»

የምሥራች ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ለባሕር ዳሩ ውድድር ነው። ባትሪውን ሳታወጣው ተወችው።

ዳኛው መምህር አድማሴ ደረሱ። መነጽራቸውን አስተካክለው አምፖሏን አዩና ተደነቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ብርሃን በአንቺ ሙቀት ነው?»

ምስጋናው በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። «አዎ» ማለት ምንኛ ቀላል ነበር! ሆዷ ግን እምቢ አላት። ያን ያህል የደከመችበት ሥራ የባትሪ መሸፈኛ ሲሆን ማየት አስጠላት።

ባትሪውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አምፖሏ ድርግም አለች።

«የበራው በዚህ ነበር፣ ቲቸር። የእኛ ሥራ ብርድ ይፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ ብርድ የለም።»

ከኋላ የቆሙ ልጆች ሳቁ። መምህር አድማሴ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ዞር አሉ።

«እባክዎ ትንሽ ይጠብቁኝ!» አለች። «ቀዝቃዛ ውሃ ባገኝ...»

ምስጋናው ፊቱ በንዴት ጠቁሯል። ትንሽ አመነታና ወደ ውጭ ሮጠ። ሲመለስ በቧንቧ ውሃ የራሰ መሃረብ ይዟል። የምሥራች ጨርቁን በፌስታል ሸፍና መሃረቡን ከላይ ጠመጠመችበት።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቀስ በቀስ ግን አምፖሏ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን መጣ። መምህር አድማሴ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጋረዷት።

«በራች እኮ!» አሉ።

«መሃረቡ ሲሞቅ ትጠፋለች» አለች የምሥራች፣ ማንም ሳይጠይቃት።