የብርሃነሽ ድምፅ

«ያ ድምፅሽ የት ገባ፣ ልጄ? ላባትሽ ሙሾ አውርጂላቸው እንጂ» አሏት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተሐና። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ ወደ ብርሃነሽ ዞረ።

የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ንጋቷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ብርሃነሽ ድምፅ የላትም። ይህን የሚያውቁት ሁለቱና መምህራቸው ብቻ ናቸው።

ለዘውድ በዓል ትምህርት ቤቱ የአንዲት የአንኮበር አዝማሪ ሕይወት በቴአትር ሲያሳይ፣ መምህሩ አዝማሪዋን እንድትሆን የመረጡት ብርሃነሽን ነበር። መልክ አላታ! የንጋቷን ፊት ግን ፈንጣጣ አበላሽቶታል። ስለዚህ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ዘፈነች፣ ብርሃነሽ መድረኩ ላይ አፏን ከፈት ከደን አደረገች። ደብረ ብርሃን ጉድ አለ። ብርሃነሽም ለጠየቃት ሁሉ ድምፁን ከሟች እናቷ እንደወረሰችው አወራች። ንጋቷ አጠገቧ ቆማ ይህን ሰማች። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈዋል።

ትናንት የብርሃነሽ አባት ጋሽ የሺጥላ የሚነዱት የጭነት መኪና ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ሞቱ። ዛሬ ቀበሯቸው።

ብርሃነሽ ቆማ አፏን ከፈተች። የወጣው እንደ ሳል ያለ ሻካራ ነገር ነው። ሴቶቹ ተያዩ። ለመድረክ ያልሰሰተችውን ላባቷ ነፈገች ብለው ማንሾካሾክ ጀመሩ።

እሰይ፣ የእጇን አገኘች፣ አለች ንጋቷ በሆዷ። ወዲያው ግን ጋሽ የሺጥላ ትዝ አሏት። መንገድ ላይ ካገኟት መኪናቸውን አቁመው «ንጋት፣ ነይ ላድርስሽ» ይሏት ነበር። ሲያናግሯት ዓይናቸውን ከፊቷ አያሸሹም። እንባዋ መጣ።

ተነሥታ ከብርሃነሽ ጀርባ ቆመች። ብርሃነሽ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ልካ ያዘቻት።

«እንደዚያን ቀን አድርጊልኝ» አለቻት በሹክሹክታ። «ነጠላሽን እንዳታወርጂ።»

ንጋቷ እጇን አልለቀቀችም። ግን ከጀርባዋ ወጥታ ጎኗ ቆመች። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደችና ጀመረች።

«ጣርማ በር ምን ነበር ብታሳልፈው፣
ልጁ ደጅ ቆማለች አንዴ እንድታቅፈው።»

ድምፁን ሁሉም አወቀው። ወይዘሮ ወለተሐና መጀመሪያ ብርሃነሽን አዩ፣ ቀጥሎ ንጋቷን፣ ከዚያ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ብርሃነሽ ይህን ጊዜ አፏን አላንቀሳቀሰችም። ራሷን ንጋቷ ትከሻ ላይ ጥላ አለቀሰች።

ንጋቷ ነጠላዋን እንዳወረደች ቀጠለች።